አማርኛዬ የልጅ ልጄን አንደበት አዘገየው ይሆን?

ጥያቄ፦ ከአዳማ ቨርጂኒያ ልጄ ጋ የመጣሁት የልጅ ልጄን ላይና ላግዛቸው ብዬ ነው። ልጁ 2 ዓመት ከ4 ወሩ ነው። ቀን ዴይኬር (የሕፃናት መዋያ) ይውላል። ማታና ቅዳሜ እሑድ ከእኔ አይለይም። የምለው ሁሉ ይገባዋል፤ «ሂድና ጫማህን አምጣ» ስለው ያመጣል። ንግግሩ ግን ትንሽ ነው። ያለችውንም ያደባልቃታል፤ «ሞር ውሃ» ይላል፣ «ኖ አልፈልግም» ይላል። በአማርኛ ሳናግረው በእንግሊዝኛ ይመልስልኛል። የዴይኬር አስተማሪዋ «ቃላቱ ከእኩዮቹ ያንሳሉ፣ ቤት ውስጥም እንግሊዝኛ ብታናግሩት ይሻላል» አለቻቸው። አማቼም ተስማማ። የእኔ እንግሊዝኛ ደግሞ ከ«ካም ሂር» አያልፍም። አዳማ ያለው የእህቴ የልጅ ልጅ በዚህ ዕድሜው አፉን ፈትቶ ነበር። አማርኛዬ ልጁን ጎድቶት ይሆን? ዝም ልበል? ጥቅምት ላይ እመለሳለሁ። የአማርኛ የልጆች ፕሮግራም በቲቪ ብንከፍትለት እኔን ይተካ ይሆን?

ምላሽ፦ እናቴ፣ ዝም አይበሉ። አማርኛዎ ልጁን አልጎዳውም። ስፒች ቴራፒስት (የንግግር ሕክምና ባለሙያ) ነኝ፤ የሥራዬ ግማሹ ይህንኑ ጥያቄ መመለስ ነው ማለት ይቻላል። ጥያቄዎ ውስጥ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተቀላቅለዋል። አንዱ መደባለቁ ነው፤ እሱ ምንም አይደለም። ሌላው የቃላቱ ማነስ ነው፤ እሱ በባለሙያ መታየት አለበት። ቢያንሱ እንኳ ጥፋቱ የአማርኛ አይሆንም።

አስተማሪዋን አይቀየሟት። ምክሯ የቆየ ምክር ነው። ድሮ ብዙ ምሁራን ሁለት ቋንቋ የልጅን አእምሮ ያደናግራል ብለው ያምኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 ፒልና ላምበርት የተባሉ ተመራማሪዎች ሞንትሪያል ውስጥ ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ አጣርተው የሚናገሩ የ10 ዓመት ልጆችን በአንድ ቋንቋ ካደጉት ጋር አወዳደሩ። ባለ ሁለት ቋንቋዎቹ በልጠው ተገኙ እንጂ አላነሱም። ዛሬ የአሜሪካ የንግግር፣ የቋንቋና የመስማት ባለሙያዎች ማኅበር ራሱ ሁለት ቋንቋ የንግግር መዘግየት አያመጣም ይላል። ወሬው ግን አልሞተም። ዴይኬር ውስጥ አለ፣ አንዳንድ ሐኪም ቤት ውስጥም አለ፣ ከቤተክርስቲያን ሲወጡ በሚነሣው ጨዋታ ውስጥም አለ።

ደግሞ እርስዎ ከአዳማ ነው የመጡት። ኦሮምኛና አማርኛ አንድ ላይ እየሰማ ያደገ ልጅ እዚያ ስንት አለ? ከአያቱ ጋር በአንዱ፣ ከጎረቤት ልጅ ጋር በሌላው ያወራል። አንዱን ይተው ያለ ሰው ሰምተው ያውቃሉ? እዚህ ሲሆን ለምን ችግር ይሆናል?

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። አስተማሪዋ የቆጠረችው የእንግሊዝኛውን ብቻ ነው። አማርኛውን መስማት ስለማትችል ግማሹን ልጅ ነው ያየችው። እ.ኤ.አ. በ1993 ባርባራ ፒርሰንና ባልደረቦቿ ማያሚ ውስጥ ስፓኒሽና እንግሊዝኛ የሚሰሙ ሕፃናትን አጥንተው ነበር። የሁለቱም ቋንቋ ቃላት ሲደመሩ ልጆቹ በአንድ ቋንቋ ከሚያድጉት ጋር ተቀራረቡ። በአንዱ ብቻ ሲለካ ግን ባለ ሁለት ቋንቋ ልጅ ሊያንስ ይችላል። ጊዜው ለሁለት ተካፍሏላ! የእህትዎ የልጅ ልጅ ቀኑን ሙሉ የሚሰማው አማርኛ ነው፤ የእርስዎው ግን የነቃበትን አብዛኛውን ሰዓት ዴይኬር ነው የሚያሳልፈው። በአማርኛ ብቻ ማወዳደሩ ፍትሐዊ አይደለም።

ስለዚህ እንዲህ ያድርጉ። ፍሪጁ ላይ ወረቀት ይለጥፉ። ለአንድ ሳምንት ቤት ያለው ሰው ሁሉ ከልጁ አፍ የሰማውን ቃል ይጻፍበት። አስተማሪዋም የእንግሊዝኛውን ጽፋ ትላክ። «ውሃ»ም «ዋተር»ም ካለ ሁለቱም ይጻፉ። ላም ሲያይ ሁልጊዜ «እምቧ» የሚል ከሆነ ይቆጠራል። አጥርቶ ባይለውም ግድ የለም። «ጠጣ»ን «ታታ»፣ «ቀይ»ን «ካይ» ቢል በዚህ ዕድሜ የሚያስደነግጥ አይደለም። ዋናው ነገር ማንም «በል» ሳይለው፣ ራሱ፣ ለዚያው ነገር ደጋግሞ መጠቀሙ ነው።

የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል (ሲዲሲ) ለወላጆች ባወጣው መመዘኛ መሠረት፣ አብዛኛው ልጅ 2 ዓመት ሲሞላው ሁለት ቃል ያጋጥማል። በ30 ወሩ ደግሞ ወደ 50 ቃላት ይኖሩታል። የእርስዎ ልጅ 28 ወሩ ነው። እና ልብ ይበሉ፤ ያስደነገጠዎት «ሞር ውሃ» ለእኔ የምሥራች ነው። ሁለት ቃል አጋጥሟል። አንዱ ከእንግሊዝኛ፣ አንዱ ከአማርኛ መሆኑ ምንም አይቀንስበትም።

የአማርኛ ግሥ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ልጁ «ስጪኝ» ሲል ማን ለማን እንደሚሰጥ ሁሉ ተናግሯል። እንግሊዝኛ ተናጋሪው እኩያው ይህንኑ ለማለት ሁለት ቃል ያስፈልገዋል። በእንግሊዝኛ መስፈርት የሚቆጥር ሰው ግን ለእርስዎ ልጅ አንድ ነጥብ ብቻ ይሰጠዋል። «አልፈልግም»ም እንደዚያው ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ያስተውሉልኝ። «አልፈልግም» ብቻ ነው የሚለው ወይስ «አልበላም»፣ «አልተኛም» ማለትም ጀምሯል? ብቻዋን ከሆነች እንደ አንድ ቃል በቃሉ ይዟት ይሆናል። ሌሎቹንም ካለ ግን ሰዋስዉን ይዟል ማለት ነው። ምርመራ ላይ ይህን ለባለሙያዎቹ ቢነግሯቸው ብዙ ይጠቅማል፤ እነሱ በራሳቸው ሊያዩት አይችሉም።

መደባለቁን በተመለከተ፣ እስኪ አንድ ማታ ልጅዎና አማችዎ ሲያወሩ ጆሮዎን ጣል ያድርጉ። «ዛሬ ትራፊኩ አይጣል ነው፣ ሚቲንግ አምልጦኝ ነበር፣ ግሮሰሪ አልሄድኩም» ሲባል ይሰማሉ። ታዲያ ልጁ ከየት ተማረው ይባላል? ትልልቆቹ የሚያወሩትን ነው የሚያወራው። ሌላው ምክንያት ቃል ሲያጥረው ከሌላው ቋንቋ መበደሩ ነው። ብልህነት ነው ይሄ። ቋንቋዎቹ እንደሚለያዩ አላወቀም ብለው አያስቡ። ካናዳ ውስጥ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ ጥናት፣ እናቶቻቸው በእርግዝና ወቅት ሁለት ቋንቋ ይናገሩ የነበሩ አራስ ሕፃናት ገና ከመወለዳቸው ሁለቱን ይለዩ ነበር።

ታዲያ እርስዎ ወደ እንግሊዝኛ ቢዞሩ ምን ይሆናል? ልጁ ከእርስዎ የሚሰማው «ካም ሂር»፣ «ኖ»፣ «ጉድ ቦይ» ብቻ ይሆናል። በአማርኛ ግን ያባብሉታል፣ ይቆጡታል፣ ያሞግሱታል፣ ትናንት የሆነውን ያስታውሱታል፣ ነገ የሚሆነውን ይነግሩታል። ያን ሁሉ በሦስት ቃል መለወጥ ለንግግሩ ምን ይረዳዋል? ፍሎሪዳ ውስጥ ኤሪካ ሆፍና ባልደረባዋ ባጠኗቸው የ2 ዓመት ልጆች ላይ እንደታየው፣ ልጅ አንድን ቋንቋ የሚማረው አፉን ከፈታበት ሰው ሲሰማው በተሻለ ነው። እንግሊዝኛውን ለአስተማሪዋ ይተዉላት። እሷ ትችልበታለች።

እንግሊዝኛ እንደሆነ አይቀርለትም። በመስኮት ይገባል፣ በበር ይገባል፣ በትምህርት ቤት ይገባል። የሚያሰጋው አማርኛው ነው። ቤልጂየም ውስጥ አኒክ ደ ሃውወር የተባለች ተመራማሪ ሌላ ቋንቋ ቤት ውስጥ የሚነገርባቸውን 1,899 ቤተሰቦች ጠይቃ እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣችው ውጤት አለ። ቋንቋው ቤት ውስጥ እየተነገረ ከአራት ልጆች አንዱ ያህሉ አይናገረውም። ሁለቱም ወላጆች የቤቱን ቋንቋ የሚናገሩበት ቤት የተሻለ ዕድል አለው። ይህን ለአማችዎ ያንብቡለት። ክፉ አስቦ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ለልጁ ነው የፈራው። ግን «ለጊዜው እንግሊዝኛ ብቻ» የሚሉት ነገር ለጊዜው ሆኖ ሲቀር አላየሁም። ልጁ አንዴ ከአባቱ ጋር በእንግሊዝኛ ማውራት ከለመደ መመለሱ ከባድ ነው።

በእንግሊዝኛ ሲመልስልዎ «በአማርኛ በል!» ብለው አያፋጥጡት። ቃል ያነሰው ልጅ በሁለት ቋንቋ ፈተና ሲበዛበት ዝም ማለትን ይመርጣል። እንዳልገባዎት ሆነው እንዲደግመው ማድረግም አለ፤ ለ4 ዓመት ልጅ ይሠራል፣ ለእሱ ግን ገና ነው። «ሞር ውሃ» ሲል «ውሃ ልጨምርልህ? እሺ፣ ውሃ ጨመርኩልህ። ይኸው ተጨመረ!» ይበሉት። የፈለገውን አገኘ፣ ቃሉንም ሦስት ጊዜ ሰማ። አለቀ። ከሳምንታት በኋላ ራሱ «ጨምሪ» ሊል ይችላል።

ደግሞ እባክዎ «ይሄ ምንድን ነው? ይሄስ?» የሚለውን ይቀንሱልኝ። አያቶች ሁሉ ይህ ልማድ አለባችሁ። በተለይ እንግዳ ሲመጣ «እስኪ ለእንግዶቹ ተናገር» ሲባል ልጁ ቀሚስ ሥር ይገባል፤ ልክ ነው። ከመጠየቅ ይልቅ ይንገሩት። እርስዎ የሚሠሩትን፣ እሱ የሚያየውን፣ እየሠሩ ይንገሩት።

ለዚህ ከቡና የተሻለ ነገር አላውቅም። ከምድጃው ራቅ አድርገው ወንበር ላይ ያስቀምጡት። «ቡናውን እንጠበው። ታጠበ! አሁን እንቁላው። ቆላነው። ጨሰ! አሽትተው።» አንዱን ግሥ ስንት ዓይነት አድርገው እንደሰጡት አዩ? አማርኛ ክብደቱ ግሡ ላይ ነው። የዕቃ ስም ከመጽሐፍም ይለቀማል። «እንጠበው» እና «ታጠበ» ግን እጅ እየሠራ ሲባል ነው የሚገባው። ቡናው በየጊዜው በተመሳሳይ ቅደም ተከተል ይሠራል፤ ልጁ ቀጥሎ የሚመጣውን ያውቃል። አንድ ቀን «አሁን ምን እናድርገው?» ይበሉና ዝም ይበሉ። ቆጠር ቆጠር አድርገው ይጠብቁ። ብዙ ልጅ ያን ዝምታ በራሱ ቃል ይሞላዋል። እንጀራ ሲጋገርም፣ ልብስ ሲታጠፍም፣ ገላውን ሲታጠብም እንዲሁ ነው።

የእኛ ጨዋታዎችም ለዚህ የተሠሩ ይመስላሉ። «ኩኩሉ» ሲባል «አልነጋም»። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት»። ተራ መቀባበል ናቸው። የ2 ዓመት ልጅ ተረቱን ባይከታተል እንኳ «የላም በረት» ማለት ይችላል፤ መቼ ማለት እንዳለበትም ቶሎ ይገባዋል። እኔ ክሊኒክ ውስጥ በካርድና በአሻንጉሊት የማደርገውን እርስዎ ሶፋ ላይ ሆነው በነፃ ያደርጉታል።

ሳይጠይቁኝ አንድ ነገር ልጨምር፣ ቆይቶ ማስቀየሙ ስለማይቀር። ልጁ እርስዎን «እንካ» ሊልዎ ይችላል፤ «ና» ሊልዎም ይችላል። ንቀት አይደለም። ለእሱ የሚባለው «እንካ» እና «ና» ስለሆነ የሰማውን ይመልሳል። ወንድና ሴት የሚለየው ቀስ ብሎ ነው። «እርስዎ» ደግሞ ከዚያም በኋላ ይመጣል፤ ማንም እሱን «እርስዎ» አይለውምና። የሚማረው ልጅዎና አማችዎ እርስዎን ሲያከብሩ ሲሰማ ነው።

አሁን የምርመራው ነገር። ዴይኬሯ ምክሯን ብትስትም የቃላቱን ማነስ ማየቷ ጥሩ ነው። «ወንድ ልጅ ይዘገያል»፣ «አባቱም እንዲህ ነበር» ብለው አይጠብቁ። ልጁ ትእዛዝ ይገባዋል ብለውኛል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ዝርዝሩ ላይ የሁለቱ ቋንቋ ድምር ከ50 በጣም ካነሰ ግን ይታይ። ስሙ ሲጠራ ካልዞረ፣ የሚፈልገውን በጣቱ ካላመለከተ፣ ወይም ይላቸው የነበሩ ቃላት ከጠፉ ደግሞ ነገ ዛሬ አይበሉ። እውነተኛ የቋንቋ ችግር በአማርኛውም በእንግሊዝኛውም ይታያል፤ አንዱን ቋንቋ በማስተው አይድንም።

ቨርጂኒያ ውስጥ ከልደት እስከ 3 ዓመት ላሉ ልጆች «ኢንፋንት ኤንድ ቶድለር ኮኔክሽን» የሚባል ፕሮግራም አለ። የሐኪም ወረቀት ሳያስፈልግ መደወል ይቻላል። አያትም መጠቆም ትችላለች፤ ምርመራው እንዲደረግ ግን የወላጅ ፈቃድ ያስፈልጋል። ምርመራው ነፃ ነው። ከምርመራ በኋላ ለሚሰጠው ሕክምና እንደ ገቢ ክፍያ ሊኖር ይችላል። በፌደራል ሕጉ መሠረት ከተጠቆመ በ45 ቀን ውስጥ መርምረው ከቤተሰቡ ጋር መቀመጥ አለባቸው። 3 ዓመት ከሞላው በኋላ ጉዳዩ ወደ ትምህርት ቤቶች ስለሚዞር አሁን ያሏችሁ 8 ወራት ናቸው።

ልጅዎ ስትደውል ገና ከመጀመሪያው «ልጁ አማርኛም ይሰማል፣ በሁለቱም ይመርመርልኝ፣ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ትበል። በዚያ አካባቢ የአማርኛ አስተርጓሚ ብርቅ አይደለም። አፍራ «እኔ እንግሊዝኛ እችላለሁ፣ አያስፈልግም» እንዳትል። አስተርጓሚው የሚመጣው ለእሷ ሳይሆን ለልጁ ነው። የፍሪጁንም ወረቀት ይዘው ይቅረቡ፤ እርስዎም አብረው ቢቀመጡ እወዳለሁ። ከዚያ በፊት ወይም ጎን ለጎን የመስማት ምርመራ ይደረግለት። ዴይኬር የሚውል ልጅ ጉንፋን ይመላለስበታል፤ ጆሮው ውስጥ ፈሳሽ ሲጠራቀም ድምፅ ታፍኖ ነው የሚሰማው። እንዲህ ያለ ልጅ ሲጠሩት ሊዞር ሁሉ ይችላል፣ ስለዚህ «ይሰማል እኮ» ብለው አይለፉት።

ቲቪው እርስዎን አይተካም። ሲያትል ውስጥ ፓትሪሺያ ኩል የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተመችው ጥናት አለ። 9 ወር ገደማ የሆናቸው አሜሪካውያን ሕፃናት ለ12 ጊዜ ቻይንኛ እንዲሰሙ ተደረገ። ሰው ፊት ለፊት ቁጭ ብሎ ያጫወታቸው የቋንቋውን ድምፆች መለየት ቻሉ። ያንኑ በቲቪ የተመለከቱት ምንም አልያዙም። ቲቪ ልጁ ሲስቅ አይስቅም፣ ሲጠቁም ዞሮ አያይለትም። ፕሮግራሙን አብራችሁ እያያችሁ ብታወሩበት ሌላ ነገር ነው።

የቪዲዮ ስልክ ግን ከቲቪ ጋር አንድ አይደለም። ከ24 እስከ 30 ወር ያሉ ልጆች በቪዲዮ ስልክ ከምታናግራቸው ሰው አዲስ ግሥ በአካል የተማሩትን ያህል እንደሚማሩ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት አሳይቷል። ምክንያቱ መልስ መስጠቷ ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም ለትንንሾቹ ስክሪን ሲከለክል የቪዲዮ ስልክን ለይቶ ይፈቅዳል። ስለዚህ ከመሄድዎ በፊት፣ አሁኑኑ፣ ልምምዱን ይጀምሩ። እርስዎ መኝታ ቤት፣ እሱ ሳሎን ሆናችሁ ይደዋወሉ። «ኩኩሉ»ን በስልክ ይጫወቱ። አዳማ ሲገቡ ደግሞ «ደህና ነህ? ትወደኛለህ?» ብቻ አይበሉት፤ የ2 ዓመት ልጅ በዚህ ጨዋታ ደቂቃም አይቆይ። የሚያሳዩት ነገር ይያዙ። ዶሮዋን፣ ጀበናውን፣ ግቢ ውስጥ የበቀለውን ያሳዩት። እሱ ጋ አንድ ትልቅ ሰው ይቀመጥና የሚሉትን ያጋንንለት። አጭርና በየቀኑ መሆኑ እሑድ እሑድ ከሚደረግ ረጅም ስልክ ይበልጣል።

ሰዓቱን ከቁርሱ ጋር ቢያያይዙት ጥሩ ነው፤ አፉ ባዶ ባይሆንም ልቡ ክፍት ነው፣ ወንበሩም ያስቀምጠዋል። ቨርጂኒያ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ሲሆን አዳማ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። ጥቅምት መጨረሻ ላይ የአሜሪካ ሰዓት ስለሚቀየር እስከ መጋቢት መግቢያ ድረስ 9 ሰዓት ይሆናል። ልጅዎ ከዴይኬር በፊት ስልኩን ማቆሚያው ላይ አድርጋ እንድትደውል ከአሁኑ ይነጋገሩ።